ከየትኛው አንጻር? መዋቅራዊነትና ድኅረ መዋቅራዊነት በአንዲት አህያ ፍርድ ሲመዘኑ

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሁለት ነገር ይበዛል፦ ጭቃና ፕሮፖዛል። ሥነ ጽሑፍና ሥነ ቃል የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች «ቡና እንጠጣ» ብለው ይጠሩኛል፤ ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ ጥያቄው ይመጣል፦ «ከየትኛው አንጻር ልሥራው?» ርእስ አላቸው፤ የሚያጠኑት ጽሑፍም አላቸው። የጎደለው «ከ… አንጻር» የምትለዋ ክፍት ቦታ ብቻ ናት። እሷን ለመሙላት ደግሞ አብዛኛው ሰው ለሠርግ ልብስ እንደሚመርጥ ነው የሚመርጠው፤ ደመቅ ያለውን።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በራሴ ፕሮፖዛል ላይ «ከድኅረ መዋቅራዊነት አንጻር» ብዬ የጻፍኩት ቃሉ ስለጣመኝ ነው። ከገምጋሚዎቹ አንዱ መነጽራቸውን አውልቀው «ድኅረ ያልከው መዋቅር የቱ ነው? እስቲ መጀመሪያ እሱን አሳየን» አሉኝ። ላሳያቸው አልቻልኩም። ያልሠራሁትን ቤት ላፈርስ ነበር የተነሣሁት። ያን ቀን ከግቢው እስከ ፈረንጅ አራዳ በእግሬ ሄድኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ ማፈር ከዝናቡ ይብሳል።

እዚህ የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ የምወደውን ነው። መዋቅራዊነትንና ድኅረ መዋቅራዊነትን፣ ሁለቱን የንባብ መንገዶች፣ በአንድ ተረት ላይ እየሞከርኩ አነጻጽራለሁ፤ ከኋላቸው ያለውን ፖለቲካም አነሣለሁ።

ተረቱ

ተረት ተረት፤ የላም በረት። ዝናም ጠፍቶ አገር ተራበ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡና «ይህ መዓት የመጣው ከመካከላችን አንዱ ኃጢአት ቢሠራ ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ «መንደር ዳር ያገኘሁትን ወይፈን በልቻለሁ» አለ። ሌሎቹ ጉልበቱን አይተው «ይህማ ምን ኃጢአት አለው!» አሉት። ነብር «ከመንጋው የተነጠለች ፍየል በልቻለሁ» አለ። «ይህም ኃጢአት አይደለም።» ጅብ «ሌሊት መንደር ገብቼ ዶሮ ሰርቄያለሁ» አለ። «ኧረ ይህም ምንም አይደል።» አህያዋ በመጨረሻ «ጌታዬ ጭኖኝ ሲሄድ ወዳጁን አግኝቶ ሲያወራ፣ እኔ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ነጨሁ» አለች። ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ለካ መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተረባርበው በሏት።

ይህ ተረት እኛ ዘንድ በተለያየ መልክ ይነገራል። በልጅነታችሁ ሰምታችሁት ይሆናል።

መዋቅራዊነት ምን ይጠይቃል?

መዋቅራዊው አጥኚ «ተረቱ ምን ያስተምራል?» ብሎ አይጀምርም። የሚጀምረው «ምን ከምን ጋር ተያይዞ ቆመ?» ከሚለው ነው። ነገሩን በሙከራ ማየት ይቻላል። አህያዋ መጀመሪያ ትናዘዝ፤ ተረቱ ወዲያው ይሞታል። ጅቡን አውጡት፤ ተረቱ ይከሳል እንጂ አይሞትም። ሣሩን በዶሮ ለውጡት፤ ቀልዱም ምሬቱም ይጠፋል። የዝናሙን መጥፋት በወረርሽኝ ለውጡት፤ ምንም አይሆንም። እንዲህ እያፈራረቁ መሞከር የቱ አካል ምሰሶ፣ የቱ ግድግዳ፣ የቱ ደግሞ ልጥፍ እንደሆነ ይለያል።

ከሙከራው የሚወጣው ንድፍ ይህ ነው። ወይፈን፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ሣር፦ ጥፋቱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ቅጣቱ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሞት ነው። «በላሁ — ምንም አይደል» የሚለው ምላሽ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ጆሯችንን ያለማምድና በአራተኛው ይሰበራል። ከሥሩ ሥጋ በልና ሣር በል የሚል ተቃርኖ አለ። በሦስቱና በአንዷ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ነው፤ ግን ተረቱ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ወረርሽኝ ያልኩት እንዲያው አይደለም። ላ ፎንቴን የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1678 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው የተረት ግጥም ውስጥ እንስሳቱን የሰበሰባቸው ወረርሽኝ ነው፤ እዚያም አንበሳ ይናዘዛል፤ እዚያም አህያዋ ከገዳም መስክ ምላሷን የምታህል ሣር ነጭታ ትሞታለች። አገሩ፣ ዘመኑ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ነው። ንድፉ ግን ያው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ «ለምን?» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ሳታውቁት በመዋቅራዊነት ደጃፍ ቆማችኋል።

መነሻው ሥነ ልሳን ነው። ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ጄኔቭ ላይ ያስተማረውን ትምህርት ባልደረቦቹ ከተማሪዎች ደብተር ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1916፣ እሱ ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ፣ አሳተሙት። ዋናው ሐሳቡ ቃል ትርጉም የሚያገኘው ከነገሩ ሳይሆን ከሌሎች ቃላት ጋር ካለው ልዩነት ነው የሚል ነው። ውሃን በአማርኛ «ውሃ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ቢሻን» ማለታችን ፈሳሹ ራሱ ስሙን እንደማይወስን ያሳያል። (ቡናን ምሳሌ እንዳታደርጉ። በሁለቱም ቋንቋ ቡና ነው፤ ጅማ ላይ ይህን ምሳሌ ያነሣ ሰው ይሳቅበታል።) «ገና»ን አስቡ፦ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። ትርጉሙን የለወጠው አንድ ድምፅ መጥበቁና መላላቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ይህን ዐይን ከቃል ወደ ተረት፣ ወደ ጋብቻ ሥርዓት፣ ወደ ልቦለድ አሻገሩት። ቭላድሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው መጽሐፍ 100 የሩሲያ ተረቶችን መርምሮ፣ ተዋናዮቹ ቢለያዩም የድርጊት ዓይነቶቹ ከ31 እንደማይበልጡ፣ ሚናዎቹም 7 እንደሆኑ አሳየ። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ከሮማን ያኮብሰን ጋር ተገናኝቶ የሥነ ልሳኑን ዘዴ ወደ አፈ ታሪክ አመጣ። ግሬማስ ሚናዎቹን ፈላጊ፣ ተፈላጊ፣ ረዳት፣ ተቃዋሚ እያለ ወደ 6 አጠበባቸው። ዤራር ዠኔት እ.ኤ.አ. በ1972 የትረካን ቅደም ተከተል፣ ፍጥነት፣ ድግግሞሽ፣ እይታና ድምፅ የሚለካበትን መሣሪያ ሠራ።

አንድ ስሕተት ደጋግሜ ስላየሁ ላስጠንቅቅ። የፕሮፕ 31 ድርጊቶች የተቀመሩት ለአስማታዊ ተረቶች ነው፤ ጀግና ከቤቱ ወጥቶ፣ አስማተኛ ስጦታ አግኝቶ፣ ጭራቅ ገድሎ ለሚመለስባቸው። የእንስሳት ተረት ሰብስቦ በ31ዱ ሣጥን ውስጥ ማጨቅ የአህያ ጭነት በዶሮ ላይ መጫን ነው። የአህያዋ ተረት ከእጦት ይጀምራል፤ እጦት ደግሞ ፕሮፕ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ስጦታ ሰጪም ጀግናም የለም። ለእንስሳት ተረት የሌቪ ስትሮስ ተቃርኖ ይሻላል፤ ካልሆነም የራሳችሁን ሠንጠረዥ ከተረቶቹ አውጡ። ፕሮፕም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ድኅረ መዋቅራዊነትስ?

ድኅረ መዋቅራዊው የመዋቅሩን ንድፍ ይቀበልና አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ «ይህ ንድፍ እንዲቆም ምን ተደበቀ?»

በተረቱ ውስጥ ሁሉም ነገር «ኃጢአት» በምትል ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ቃሏን ማንም አይፈታትም። ወይፈን ኃጢአት አይደለም፤ ፍየል አይደለም፤ ዶሮ አይደለም። ትርጉሟ ወደሚቀጥለው፣ ወደሚቀጥለው እየተላለፈ ሄዶ በመጨረሻ አህያዋ ላይ ያርፋል። ያረፈውም እዚያ ስለነበረ ሳይሆን የሚሸሽበት ስላጣ ነው። ሦስቱ ንጹሓን ናቸው፤ ግን ንጽሕናቸው የተሠራው ከእሷ ኃጢአት ነው። እሷ ባትኖር ተጠያቂዎቹ እነሱ ነበሩ። «ዳኛ» እና «ተከሳሽ» የሚለው ተቃርኖ ሲታይ ዳኛው የበላይ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ግን ዳኛው ዳኛ ለመሆን ተከሳሿን ይለምናል። ዣክ ደሪዳ የሚያደርገው ንባብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የበላዩንና የበታቹን ቦታ ማለዋወጥ አይበቃውም፤ የበላዩ በታቹን ተደግፎ እንደቆመ ያሳያል።

ሚሼል ፉኮ ቢያነበው ዐይኑ የሚያርፈው ኑዛዜው ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ኑዛዜ እውነትን ከሰው ልብ የሚያወጣ ብቻ ሳይሆን ሰውን ለሥልጣን የሚያስገዛ ሥርዓት እንደሆነ ጽፏል። አራቱም ተናዘዋል፤ ኑዛዜው ግን የያዘው አንዷን ነው። የሚናገር ሁሉ እኩል አይናገርም።

ሌላ ክርም አለ። ተረቱ ለአህያዋ ያዘነ ይመስላል፤ ግን ስንስቅ በማን ነው የምንስቀው? «አህያ» በአማርኛ ስድብ ነው። ግፍን የሚያጋልጠው ተረት ራሱ በስድቡ ላይ ተደግፎ ያስቃል። «ጅብ ከሚበላህ በልተኸው ተቀደስ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ከጎኑ አስቀምጡት። እዚያ መብላት ያስቀድሳል፤ እዚህ ሣር መንጨት ያስገድላል። ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጎነታተላሉ። ጁሊያ ክሪስቴቫ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጽሑፍ ሁሉ የሌሎች ጽሑፎች ሽመና ነው ስትል ያነሣችው ነጥብ ይህ ነው።

ብዙ ሰው «ድኅረ» ሲል «የተሻለ፣ አዲስ» ብሎ ይሰማል። የዘመን ቅደም ተከተሉ እንዲያ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 ባልቲሞር የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መዋቅራዊነትን ለአሜሪካ ለማስተዋወቅ ጉባኤ ጠራ። ደሪዳ እዚያው ተነሥቶ ሌቪ ስትሮስን የሚተች ንግግር አደረገ። ሙሽራዋ በገባችበት ቀን ፍቺዋ ተነገረ ማለት ነው። ሮላን ባርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የትረካ ሁሉ ሰዋስው ይገኛል ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ በ1970 የባልዛክን አንድ አጭር ልቦለድ በ561 ቁራጭ ከፋፍሎ በ5 ኮድ ሲያነብ ግን የሚፈልገው ሰዋስው ሳይሆን ጽሑፉ የሚያመልጥባቸውን ቀዳዳዎች ነበር። ሁለቱን ካምፖች በአንድ ሰው ውስጥ ማየት የሚፈልግ ከባርት ይጀምር።

«ይኸማ ሰምና ወርቅ ነው» ለሚሉ

በየቡናው የማይቀር ክርክር ነው። አንዱ «ደሪዳ ያለው ሁሉ ቅኔ ቤት ነበረ» ይላል። ደስ ይላል፤ ግን አይገጥምም። በቅኔ ሰሙን የገፈፈ ወርቁን ያገኛል። መምህሩ «አገኘኸው!» ይላል፤ ፍለጋው እዚያ ይቆማል። የደሪዳ ክስ ፍለጋው የሚቆምበት ወርቅ የለም የሚል ነው፤ የተገኘው ወርቅ ለሌላ ወርቅ ሰም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሰምና ወርቅ ይበልጥ የሚቀርበው ለመዋቅራዊነት ነው፦ ሁለት ደረጃ አለው፣ ኅብሩ ያገናኛቸዋል፣ ሕግም አለው። ቅኔን ከድኅረ መዋቅራዊነት አንጻር ማጥናት አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ግን «አንድ ናቸው» ብሎ የሚነሣ ፕሮፖዛል ገና በመግቢያው ይወድቃል።

የፊደላችን ነገር የተሻለ ድልድይ ይሆናል። ደሪዳ በፈረንሳይኛ «ልዩነት» የሚለውን ቃል አንድ ፊደል ቀይሮ ጻፈው፤ ሲነበብ አይሰማም፣ ሲጻፍ ብቻ ይታያል። በዚያም ጽሕፈት የንግግር ጥላ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ነካካው። እኛ ጋ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ነው፤ ዐይን ይለየዋል፣ ጆሮ አይለየውም። ቅድም ያነሣነው «ገና» ደግሞ ግልባጩ ነው፦ ጆሮ ይለየዋል፣ ዐይን አይለየውም። አማርኛ ሁለቱንም አቅጣጫ ይዟል። በዚህ ላይ አንድ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣል፤ ርእሱን ማንም ቢወስደው አልቀየምም።

ፖለቲካው

«መዋቅራዊነት ወግ አጥባቂ፣ ድኅረ መዋቅራዊነት አብዮተኛ» የሚል አባባል በየፕሮፖዛሉ ይሽከረከራል። የአባባሉ ሥር ፓሪስ ነው። ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1966 አዲሱን አስተሳሰብ ቡርዧው በማርክስ ላይ ያቆመው የመጨረሻ አጥር ነው ብሎ ከሰሰ፤ ታሪክንና የሰውን ድርጊት ያስረሳል ባይ ነበር። በግንቦት 1968 ተማሪው አደባባይ ሲወጣ «መዋቅሮች ጎዳና አይወርዱም» የሚል ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ታየ። በየካቲት 1969 ፉኮ ስለ ደራሲ ምንነት ንግግር ባደረገበት ስብሰባ ማርክሳዊው ሐያሲ ሉሲየን ጎልድማን ይህችን መፈክር አነሣት። የሥነ ልቡና ተንታኙ ዣክ ላካን ደግሞ ግንቦት ያሳየው ነገር ቢኖር የመዋቅሮቹን ጎዳና መውረድ ነው ብሎ መለሰለት። የክርክሩ ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ ሰው አለው።

ግን አገር ሲቀየር ትርጉሙም ይቀየራል። በሶቪየት ኅብረት ጽሑፍ ሁሉ በርእዮተ ዓለም ሚዛን ሲመዘን፣ ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ ላይ የነበሩት ዩሪ ሎትማንና ጓደኞቹ የመዋቅራዊነትን ደረቅ ቋንቋ እንደ ጃንጥላ ያዙት። «ሁለተኛ ደረጃ የቅርጽ ሥርዓት» እያሉ ሲጽፉ ሳንሱሩ የሚነክሰው ያጣል። ፓሪስ ላይ ከፖለቲካ መሸሽ የተባለው ዘዴ እዚያ የመተንፈሻ ቀዳዳ ነበር።

በሌላ በኩል ማርክሳዊው ሐያሲ ቴሪ ኢግልተን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ መግቢያ መጽሐፍ ድኅረ መዋቅራዊነትን ሲተች፣ የመንግሥትን ሥልጣን መስበር ሲያቅተው የቋንቋን መዋቅር ወደ መስበር ዞረ ይላል። አማርኛ ይህን በሦስት ቃል ጨርሶታል፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ትችቱ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ደሪዳ አልጄሪያ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1942፣ ከናዚዎች ጋር ባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ዘመን፣ በዘሩ ምክንያት ከትምህርት ቤት ተባርሯል። «ማእከል» እና «ዳር» ለእሱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ይሁንና የዚያው ጎራ ታላቅ የነበረው ፖል ደ ማን ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ በወጣትነቱ በናዚ በተያዘችው ቤልጅየም ውስጥ ለጋዜጣ የጻፋቸው ጽሑፎች ተገኙ፤ ከእነሱ አንዱ በግልጽ ፀረ አይሁድ ነበር። አንድ ዘዴ ለአንዱ የዳር ሰው መሣሪያ፣ ለሌላው የመሸሸጊያ ጉም ሊሆን ይችላል ተብሎ ብዙ ተጻፈ። ዘዴው ብቻውን ማንንም ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይወስድም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከሁሉ የሚቆረቁረኝ የባርት «የደራሲው ሞት» ነው። በ1967 በእንግሊዝኛ የወጣ አጭር መጣጥፍ ነው፤ የጽሑፉ ትርጉም በደራሲው ሕይወትና ሐሳብ አይዘጋ፣ አንባቢው ይወለድ ይላል። ተማሪዎች ይወዱታል፤ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ከመፈለግ ይገላግላል። እኛ አገር ግን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እንዲህ ባለበት «ደራሲው ሞቷል» ብሎ በአንድ መስመር ማለፍ ቢያንስ የጆሮ ድንቁርና ነው። ፉኮ እዚህ ይሻላል። በዚያው በ1969 ንግግሩ ጽሑፎች የደራሲ ስም መያዝ የጀመሩት ደራሲው ሊቀጣ በሚችልበት መጠን ነው ይላል። ስለ «ኦሮማይ» የሚጽፍ ሰው ከድኅረ መዋቅራዊነት ቤት የሚዋስ ከሆነ ይህን ይዋስ። ባርትን እዚያው ይተወው።

እንግዲህ ምረጡ

የመጀመሪያው ጥያቄ የእጃችሁ ጽሑፍ በምን ቋንቋ እንዳለ ነው። ጅማና አካባቢዋ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉ ይቀድማል። አጋሮ ወይም ሊሙ ሄዳችሁ በአፋን ኦሮሞ የተነገረ ተረት ቀድታችሁ፣ ወደ አማርኛ መልሳችሁ የምትተነትኑ ከሆነ፣ መዋቅራዊነት ይችለዋል። ሌቪ ስትሮስ በ1955 እንዳለው አፈ ታሪክ በመጥፎ ትርጉም እንኳ አፈ ታሪክነቱን አያጣም፤ ሴራውና ተቃርኖው ይሻገራል። የቃል ንባብ ላይ የቆመው ዲኮንስትራክሽን፣ ማለትም ቅድም ያየነው የደሪዳ ንባብ፣ ግን አይችለውም። በአማርኛው ላይ ያገኛችሁት መንታ ትርጉም የተራኪዋ ሳይሆን የእናንተ ነው፤ ተረቱን ሳይሆን የራሳችሁን ትርጉም ታፈርሳላችሁ። ቋንቋውን የማታውቁ ከሆነ በዚህ አትግቡ። የምታውቁ ከሆነ በመነሻው ቋንቋ ተንትኑ፤ አማርኛው በግርጌ ይሁን።

ሁለተኛው ብዛት ነው። 30 እና 40 ተረት ከሰበሰባችሁ መዋቅራዊነት ያበላችኋል፤ ንጽጽር ይወዳል። አንድ ልቦለድ ብቻ ይዛችሁ ከሆነ ዠኔት ይረዳችኋል፤ ግሬማስንም መሞከር ይቻላል፣ ግን የት እንደሚጠብ ተጠንቀቁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ፦ ፈላጊው በዛብህ፣ ተፈላጊዋ ሰብለ ወንጌል፣ ተቃዋሚው ፊታውራሪ መሸሻ። እስከዚህ ሠንጠረዡ ይሞላል። ጉዱ ካሣን «ረዳት» ብላችሁ ስትጽፉ ግን እጃችሁ ይከብዳል። ከባላባቱ ወገን ሆኖ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፍ ሰው ነው፤ የሚናገረው ከፍቅሩ ታሪክ በላይ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያልገባው ነገር የጽሑፋችሁ ምርጥ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ወደ ድኅረ መዋቅራዊነት ብትሻገሩ የሚወቅሳችሁ የለም፤ ሣጥኑን ሠርታችሁ አሳይታችኋልና።

ጥያቄያችሁ «ማን እንዲናገር ተፈቀደለት?» የሚል ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ወደ ፉኮ ሂዱ። ጅረን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አስቡ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል፤ ለምኒልክ በሰላም ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር አቆይተዋል። ይህን አንድ ድርጊት አንዱ ብልኅነት ይለዋል፣ ሌላው መገበር፣ ሌላው ነጋዴነት። የትኛው ትረካ በየትኛው ዘመን፣ በማን አፍ፣ በየትኛው ቋንቋ ጎላ? ለዚህ የፕሮፕ ሠንጠረዥ ምንም አይሠራም። ግን ፉኮም በነጻ አይገኝም፤ ሰነድ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ የመዝገብ ቤት አቧራ ይፈልጋል። በአንድ ክረምት አልጨርሰውም የምትሉ ከሆነ አትጀምሩት።

ጋያትሪ ስፒቫክ በ1988 ያነሣችው፣ የተጨቆነው ሰው ሲናገር በእርግጥ ይሰማል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ የሴቶችን ሥነ ቃል ለሚያጠኑ ይጠቅማል። ግን ጥቅስ ብቻ ሆኖ ሲገባ ጽሑፉን ያከብደዋል። ፌሚኒስትና ማርክሳዊ ኂስ ራሳቸውን የቻሉ ምርጫዎች ናቸው፤ እዚህ አልገባባቸውም።

ሁለቱን አቀላቅዬ «ከመዋቅራዊነትና ከድኅረ መዋቅራዊነት አንጻር» ብጽፍስ? ይቻላል፤ በአንድ ሁኔታ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ንድፉን ይሥራ፣ ሁለተኛው ያው ንድፍ የት እንደሚያፈስ ያሳይ። በየገጹ አንዴ ፕሮፕ አንዴ ደሪዳ እያላችሁ ከሆነ ግን ገምጋሚ ፊት ሁለቱም ይከዷችኋል። ለማስተርስ ጽሑፍ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰውን እንደማስቀይም እያወቅኩ፣ ከ10 ተማሪ 7ቱን ወደ መዋቅራዊነት ነው የምልከው። የሚታይ ሥራ ይወጣዋል፤ ስሕተቱም የሚታይ ስለሆነ ይታረማል። የድኅረ መዋቅራዊነት ስሕተት ጥልቀት ይመስላል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል።

ባለፈው ሰሞን ግን ከሰባቱ የመደብኳት አንዲት ተማሪ አሰናከለችኝ። የአህያዋን ተረት ከአያቷ ቀድታ መጥታለች። ሠንጠረዡን ሠርታለች፤ ወይፈን፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ሣር፣ ሁሉም በቦታው። የረካሁ መሰለኝና ቡናዬን አነሣሁ። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «አራት ነበሩ። አንዷ ተበላች። የቀሩት ሦስቱ በልተዋል። ታዲያ ወሬውን ያመጣው ማን ነው?»

አያቷን ጠይቃቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። ጠይቃቸዋለች። አያትየው ስቀው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ዘጉት። ሠንጠረዡን አልጣለችውም፤ ሁለተኛ ምዕራፍ ሆኗል። ሦስተኛው ምዕራፍ ርእሱ «ተራኪው የት ቆሞ አየ?» ነው፤ አሁን እሱን እየጻፈች ነው።